ዱም የተባለው ዘንባባ፤ ጥቅሙ፣ አዘራሩና አጠባበቁ

ዘንባባ ሲባል ለደጋ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በሆሣዕና ዕለት በግንባርና በጣት የሚታሰረው ለምለም ቅጠል ነው። ለባርካና ለጋሽ ቆላ ሰው ግን ዘንባባ ማለት የቤቱ ክዳን፣ የመኝታው ምንጣፍ፣ የጭነቱ ገመድ፣ በክፉ ዘመንም ለልጆቹ ጉርሻ የሚሆን ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በዐረብኛ ዱም ይባላል፤ በትግርኛ ዓርኮብኮባይ ሲሉት፣ ፍሬውን ዓካት ይሉታል። የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ሃይፌኔ ቴባይካ ብለው ሰይመውታል። የመጀመሪያው ቃል መሸመን ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቴብስ ከተባለችው ከጥንቷ የግብጽ ከተማ የተገኘ ነው።

ዱም የሚተርፈው ብዙ ድርቅ፣ ጎርፍና ጨው ያለበትን መሬት ችሎ ነው። ከሰው እጅ የሚመጣውን አንድ ነገር ግን አይችልም። እያንዳንዱ የዱም ግንድ የሚያድገው በጫፉ ላይ ካለች ከአንዲት እንቡጥ ብቻ ነው። ግራር ቢቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ ወይራም ቢመለመል አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። የዱም ጫፍ እንቡጥ ከተወጋች ወይም ከተቆረጠች ግን ያ ግንድ ሌላ ልብ የለውምና ቆሞ ይደርቃል። ስለ ዱም አዘራርና አጠባበቅ የሚነገረው ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልቡን የጠበቀ ሰው ዛፉን አተረፈ፤ ልቡን የነካ ሰው ግን የብዙ ዓመት ዕድገት በአንድ ቀን አጠፋ።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልኩና ጠባዩ

ዱም የተምር ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በሁለት ነገር ከርሱ ይለያል። የተምር ቅጠል በረጅም አጥንት ግራና ቀኝ እንደ ወፍ ላባ የተሰደረ ነው፤ የዱም ቅጠል ግን እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ነው። የተምር ግንድ ሳይከፈል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የዱም ግንድ ግን አድጎ በሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም እንደ ገና በሁለት ይከፈላል። በዚህም ዓይነት አንድ ያረጀ ዱም ስምንትና ከዚያም በላይ የቅጠል አክሊል ተሸክሞ ይታያል። ይህ መከፈል በዘንባባ ወገን ዘንድ ብዙ የማይገኝ በመሆኑ ጥንትም ሰውን ያስገርም ነበር። ቴዎፍራስጦስ የተባለው የግሪክ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ፣ በግብጽ የሚበቅለው ይህ ዛፍ ከተምር የሚለየው ግንዱ ስለሚከፈል መሆኑን ገልጿል።

ዛፉ ብዙ ጊዜ እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ በተስማማው ቦታ ከዚህም ይበልጣል። የቅጠሉ ዘንግ ዳርና ዳር ወደ ላይ የታጠፈ ጥቁር እሾህ ስላለበት፣ ቅጠል የሚቆርጥ ሰው እጁን መጠንቀቅ አለበት። ዱም ወንዴና ሴቴው በአንድ ዛፍ ላይ አይገኝም፤ አንዱ ዛፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት፤ ይሁን እንጂ በአቅራቢያዋ ወንዴ ካልቆመ ፍሬ አትይዝም። ዛፉ ወንዴ ይሁን ሴቴ አበባ እስከሚያወጣ ድረስ በመልኩ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ፍሬው የሰው ጭብጥ ያኽላል፤ ሲበስልም ወደ ቡናማነት ይለወጥና ቆዳው ያብረቀርቃል። ለመብሰል ብዙ ወራት ይፈጅበታል፤ ከበሰለም በኋላ ቶሎ ሳይረግፍ በዛፉ ላይ ይቆያል። ከላይ ያለው ሥጋው ቃጫ የበዛበት፣ ደረቅና ጣፋጭ ነው። ከሥጋው ውስጥ ጠንካራ ቅርፊት አለ፤ ከቅርፊቱም ውስጥ አንድ ዘር ብቻ ይገኛል። ይህ ዘር በለጋነቱ ለስላሳና ውሃ ያዘለ ስለ ሆነ ይበላል። ሲበስል ግን እንደ ዝሆን ጥርስ ነጭና ጠንካራ ይሆናል፤ መካከሉም ባዶ ነው።

የጥቅሙ ብዛት

ከዱም አካል የሚጣል የለም። ቅጠሉ ለሰሌን፣ ለቅርጫት፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያና ለባርኔጣ ይውላል። የቤጃ ዘላኖች ድንኳን የሚለብሰው በዱም ሰሌን ነው፤ የአፋርም ዘላን ቤቱን በሰሌን ይከድናል፤ ሲጓዝም ጠቅልሎ በግመል ይጭነዋል። ግንዱ ለቤት ምሰሶና ለወራጅ ያገለግላል፤ ከሁለቱም የወንዴው እንጨት ምስጥ የማይደፍረው፣ የበለጠ ጠንካራ ነው ይባላል።

ፍሬው ምግብ ነው። ሥጋው ከቅርፊቱ ላይ ተግጦ ይበላል፤ ወይም ተወቅጦ ዱቄት ይሆናል። በግብጽና በሱዳን ፍሬው በውሃ ተዘፍዝፎ ወይም ተፈልቶ ቀዝቃዛ መጠጥ ይወጣዋል። በኬንያ ሰሜን የሚኖሩት የቱርካና ሰዎችም የዱምን እኅት ዝርያ ፍሬ እየወቀጡ ይመገባሉ። የግብጽ ሰዎች ዱምን ከጥንት ጀምሮ ያከብሩት እንደ ነበር የሚያስረዳው፣ በ1922 ዓ.ም. በተገኘው በንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ከሌላው የምግብ ስንቅ ጋር የዱም ፍሬ በቅርጫት ተቀምጦ መገኘቱ ነው።

ከፍሬው ውስጥ ያለው ጠንካራ ዘር ደግሞ ለአንድ ዘመን ለኤርትራ የንግድ ዕቃ ሆኖ ነበር። ዘሩ እንደ ዝሆን ጥርስ ሊቆረጥ፣ ሊቦረቦርና ሊወለወል ስለሚችል የልብስ ቁልፍ ይሠራበት ነበር። የምድር ባቡሩ ከምጽዋ ተነሥቶ በ1911 አሥመራ፣ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርደት ከገባ በኋላ የቆላው ምርት ወደ ወደብ የሚወርድበት መንገድ ቀለለ፤ የዱም ፍሬም ወደ ኢጣሊያ የቁልፍ ፋብሪካዎች ይላክ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከፕላስቲክ የሚሠራ ርካሽ ቁልፍ ገበያውን ሁሉ ስለያዘ የዱም ፍሬ ዋጋ ወደቀ።

ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል። የፍሬው ንግድ ዛፉን አልጎዳውም፤ ፍሬ የሚለቅም ሰው ዛፉ እንዲኖርለት ይፈልጋልና። የፍሬው ዋጋ ሲወድቅ ግን ዛፉ በቅጠሉና በእንጨቱ ብቻ የሚፈለግ ሆነ፤ ቅጠልና እንጨት ፈላጊ ደግሞ ጠንቃቃ ካልሆነ ዛፉን እስከ ሞት ያደርሰዋል።

ዱም የሚቀንስበት ምክንያት

ዱም የሚበቅለው በወንዝ ዳር ነው፤ የሰውም እርሻ የሚፈልገው ይህንኑ የወንዝ ዳር ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ከዚህ ይነሣል። በባርካና በጋሽ ዳር ያለው ደለል ለሙዝ፣ ለአትክልትና ለጥጥ እጅግ የተመቸ ስለ ሆነ፣ የእርሻ ቦታ በሰፋ ቁጥር የዱሙ ጫካ እየተመነጠረ ሄዷል። ነገር ግን ገበሬው ዳሩን ጨርሶ ሲመነጥር እርሻውን ራሱን ለአደጋ ያጋልጠዋል። የዱም ሥር ደለሉን ጨብጦ ይይዛል፤ ሥሩ ከሌለ የክረምቱ ጎርፍ ዳሩን እየናደ የእርሻውን አፈር ይወስደዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ያለ መጠን ለጋ ቅጠል መቁረጥ ነው። ለሰሌንና ለቅርጫት የሚመረጠው ገና ያልተዘረጋው፣ በአክሊሉ መካከል እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የቆመው ለጋ ነው። አንዱን ለጋ መውሰድ ዛፉን አይገድለውም። የወጣው ሁሉ በየጊዜው ከተቆረጠ ግን ዛፉ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ቅጠል ያጣል፤ ቢላዋውም ወደ ታች ከገባ እንቡጧን ይነካታል። በቦትስዋና በኦካቫንጎ ወንዝ አካባቢ የዱምን እኅት ዝርያ ቅጠል የሚሸምኑ ሴቶች ቅርጫታቸው ከ1970ዎቹ ጀምሮ በውጭ አገር ተወዳጅ በሆነ ጊዜ፣ በየመንደሩ ዙሪያ ያለው ዘንባባ እየሳሳ ሄዶ ቅጠል ለመፈለግ ሩቅ መሄድ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ገበያው ሲሰፋ ጥንቃቄውም አብሮ ካልሰፋ ሥራው ራሱ ይቆማል።

ሦስተኛው ምክንያት ከዛፉ ጫፍ ጭማቂ ማውጣት ነው። በአፋር ቆላና በሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ በረሓዎች የዱሙ ጫፍ ተቆርጦ የሚፈሰው ጭማቂ እንደ ጠጅ ይጠጣል። ይህ የሚገኘው እንቡጧን በመቁረጥ ስለ ሆነ የጥቂት ቀን መጠጥ የአንድ ግንድ ሞት ነው።

አራተኛው ምክንያት በኤርትራ ቆላ ተምሪ ሙሳ የሚባለው ባዕድ ቁጥቋጦ ነው። ይህ እሾሃም ተክል ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም የመጣ ሲሆን፣ በ1917 ወደ ሱዳን ገብቶ ከዚያ በከብት ፋንድያና በጎርፍ እየተዘራ ወደ ባርካና ወደ ጋሽ ዳር ተዛመተ። በአዋሽ ዳርም ያለው ችግር እንዲሁ ነው። ቁጥቋጦው ፈጥኖ ያድጋል፤ ዱም ግን ዘግይቶ የሚያድግ ስለ ሆነ ትንንሾቹ ችግኞች በጥላው ተሸፍነው ይቀራሉ።

ከመዝራት በፊት ያለውን ማዳን

ብዙ ሰው በየወንዙ ዳር ከመሬት ሳይነሣ የሚታየውን የዱም ቁጥቋጦ ሌላ ዝርያ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ይህ ራሱ ዱም ነው። ዱም በልጅነቱ እንቡጧን ከመሬት በታች ደብቆ ያቆያታል፤ ስለዚህ ፍየል ቢግጠው፣ ሰደድ እሳት ቢያልፍበት ወይም ቢላዋ ቢቆርጠው አይሞትም፤ ነገር ግን ከፍ ለማለት አይችልም። በየዓመቱ እንዲሁ እየተበላና እየተቆረጠ ረጅም ዘመን ቁጥቋጦ ሆኖ ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ ዱም ማልማት ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ሥራ መዝራት ሳይሆን ይህን ቁጥቋጦ ነጻ ማውጣት ነው። ሥሩ ከመሬት ውስጥ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ተተክሎ ውሃውን ስላገኘ፣ ዛሬ ከሚዘራ ዘር በብዙ ዓመት ይቀድማል። የሚደረገው እንዲህ ነው። ከብዙዎቹ ቁጥቋጦዎች መካከል ጠንከር ያሉት በየአምስትና በየስድስት ሜትሩ ይመረጣሉ። ከአንድ ሥር ብዙ ጫፍ ከወጣ ብርቱ የሆኑት አንድ ወይም ሁለት ይተዋሉ፤ የሌሎቹ ቅጠል ለሥራ ይቆረጣል። በተመረጡት ዙሪያ የግራር እሾህ ይታጠራል፤ ደረቁ ሣርም እሳት እንዳያመጣ ይጸዳል። ከተመረጠው ጫፍ ላይ ግንድ ከመሬት እስኪነሣና አክሊሉ ከፍየል አፍ በላይ እስኪሆን ድረስ አንድም ለጋ ቅጠል መቆረጥ የለበትም።

ለዱም የሚስማማ ቦታ

ቁጥቋጦ በሌለበት ወይም ተመንጥሮ ባለቀበት ቦታ ግን መዝራት ያስፈልጋል። ዱም ሙቀት ወዳድ ነው፤ ስለዚህ የሚስማማው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በታች ያለ ቆላ ነው። ወደ ደጋ ወስዶ መትከል ድካም ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መሬት ከሥሩ ውሃ ያለበት የወንዝ ዳር ደለል ነው፤ ዝናብ ቢጎድል እንኳ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ የመሬቱን ውሃ ያገኛል። ጥቂት ጨው ያለበትን መሬትም ይታገሣል። ድንጋይ በቅርብ የሚገኝበት ስስ አፈር ግን ሥሩን ስለሚያግደው አይስማማውም።

ቦታ የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር ይመልከት። አንደኛው፣ ኃይለኛው ጎርፍ ዳሩን እየናደ የሚሄድበትን ጠርዝ መተው ነው፤ ችግኙ ሥር ሳይሰድ ጎርፉ ከነአፈሩ ይወስደዋልና። ሁለተኛው፣ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አለመዝራት ነው፤ ዱም ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ተምሪ ሙሳ የያዘው ቦታ ከሆነ አስቀድሞ ቁጥቋጦውን ከነሥሩ መንቀል ያሻል፤ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ዘር ስለ መምረጥና ስለ ማዘጋጀት

ለዘር የሚሆነው በደንብ የበሰለ፣ በዚያው ዓመት የረገፈ ወይም የተለቀመ ፍሬ ነው። ፍሬዋ ብዙና ሥጋዋ ወፍራም ከሆነች ሴቴ ዛፍ መልቀም ይበጃል። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት ፍሬ ነፍሳት የገቡበት ስለ ሆነ ይጣል። ከአንዲት ዛፍ ብቻ ከመልቀምም ከብዙ ዛፍ እየቀላቀሉ መልቀም ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ሥጋው ከቅርፊቱ ላይ ይለቀቃል። በበረሓ ይህን ሥራ የሚሠሩት ዝሆንና ዝንጀሮ ነበሩ፤ ዝንጀሮው ሥጋውን ግጦ ዘሩን ራቅ አድርጎ ይጥለዋል፤ ዝሆኑም ፍሬውን ውጦ ዘሩን ከፋንድያው ጋር ያወጣዋል። ዛሬ ግን በኤርትራ የቀሩት ጥቂት ዝሆኖች በጋሽና በሰቲት መካከል ብቻ የሚገኙ በመሆናቸው፣ በቀረው ቦታ ይህ ሥራ የሰው ሆኗል። ፍሬው ለጥቂት ቀን በውሃ ተዘፍዝፎ ሥጋው ሲለሰልስ በድንጋይ እየታሸ ይገፈፋል፤ የተገፈፈውም ለፍየል ይሰጣል። ሥጋው የለቀቀው ዘር እንደ ገና አራት አምስት ቀን በንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃውም በየቀኑ ይለወጣል። ቶሎ ይበቅልልኛል ብሎ ጠንካራውን ቅርፊት በመዶሻ መስበር አይገባም፤ በውስጡ ያለችው ትንሽ በቃይ ልትቀጠቀጥ ትችላለችና።

አዘራሩ

ዱም የሚዘራው ለዘለቄታው በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው እንጂ በመደብ አፍልቶ ለማዛወር የሚመች ተክል አይደለም። ምክንያቱም አበቃቀሉ ከብዙ ዘር የተለየ በመሆኑ ነው። ዘሩ በመጀመሪያ ወደ ላይ ቅጠል አያወጣም። አስቀድሞ እንደ እትብት ያለ ወፍራም ክር ከዘሩ ወጥቶ ቁልቁል ወደ አፈር ይገባል፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ከወረደ በኋላ በዚያ በጥልቁ ሥርና እንቡጥ ይፈጠራል፤ ቅጠሉም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት በአጭር ጣሳ የተዘራ ዱም ክሩ ከሥር ታጥፎ ይበላሻል፤ ከመደብ የሚነቀልም ችግኝ ብዙ ጊዜ እትብቱ ይበጠስና ይሞታል።

የአዘራሩ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ጉድጓዱ በደረቁ ወራት ይቆፈራል። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱም እንዲሁ ይሁን። ዓላማው ከሥር ያለውን አፈር አላልቶ እትብቱ በቀላሉ እንዲወርድ ማድረግ ነው።

2ኛ/ የወጣው አፈር ከድንጋይ ተለይቶ፣ በሚገባ ከበሰበሰ ፍግና ከደለል ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል።

3ኛ/ በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ይተዋል።

4ኛ/ የምዕራቡ ቆላ ዝናብ በሚጀምርበት በሰኔ ወር በየጉድጓዱ ሦስት ዘር በጥቂቱ ተራርቆ፣ አራት ጣት ያኽል አፈር ለብሶ ይዘራል።

5ኛ/ ከላይ ደረቅ ሣር ይነሰነስበታል፤ ዙሪያውንም ዝናብ የሚያቁር ትንሽ እርከን ይሠራለታል።

6ኛ/ ዝንጀሮ፣ አይጥና ከርከሮ ዘሩን እንዳይቆፍሩት እሾህ ይከመርበታል።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ዘር በሁለትና በሦስት ወር ይበቅላል፤ ሌላው ግን እስከ ዓመት ድረስ ሊዘገይ ይችላል። ከላይ ምንም ሳይታይ ከሥር ሥራው እየተሠራ ስለ ሆነ፣ ዘሩ ጠፋ ብሎ ጉድጓዱን ቆፍሮ ማየት የበቀለውን መግደል ነው። ብዙ ሰዎች ዱም ሰው የዘራው አይበቅልም የሚሉት ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠል ጠባብና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ሣር ይመስላል። የሚያርም ሰው ከአረም ጋር አብሮ እንዳይነቅለው በየጉድጓዱ ምልክት ይተከል። በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ከበቀለ ብርቱው ብቻ ይተዋል፤ የቀሩት ከመሬት ጋር ይታጨዳሉ እንጂ አይነቀሉም፤ ሲነቀሉ የሚተወውን ሥር ያናጉታልና።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት በጋዎች የሚቻል ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውሃ ቢጠጣ በጣም ይጠቀማል። ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ከማጠጣት ይልቅ አልፎ አልፎ በርከት አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን እየተከተለ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርገዋል። ሥሩ ከመሬቱ እርጥበት ጋር ከተገናኘ በኋላ ሌላ ውሃ አይፈልግም። በችግኞቹ መካከል ያለው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ማሽላ ወይም ሰሊጥ ሊዘራበት ይቻላል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ፍየልና ግመል ነው። የእሾሁ አጥር በየዓመቱ ከክረምት በፊት መታደስ አለበት። ዛፎቹ አድገው ሲያብቡ ወንዴዎቹ በዝተው ከተገኙ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ለእንጨት ሊቆረጡ ይችላሉ። ነገር ግን ወንዴ ጨርሶ ከጠፋ ሴቶቹ ፍሬ ስለማይዙ፣ በየቦታው ተበታትነው የቆሙ ወንዴዎች መተው አለባቸው።

ቅጠልና ፍሬ አሰባሰብ

ሰሌን የሚሸምኑት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ስለ ለጋ ቅጠል ጥራትም ከነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሚከተሉት ደንቦች ሥራቸውን የሚያቆሙ ሳይሆኑ ለነገ የሚያቆዩ ናቸው።

ሀ/ ከአንድ አክሊል አንድ ለጋ ከተወሰደ ቀጥሎ የሚወጣው ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ድረስ ይተው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይወሰድ።

ለ/ ለጋው በተሳለ ቢላዋ፣ የታጠፈው ቅጠል ከሚጀምርበት በላይ ይቆረጥ። ወደ ታች መቆፈር ወይም በእጅ መንጨት እንቡጧን ያናጋታል።

ሐ/ ለገመድና ለመጥረጊያ የተዘረጋው አረንጓዴ ቅጠል፣ ለአጥርና ለክዳን ደግሞ የደረቀው ይበቃል፤ ለጋው ለሰሌንና ለጥሩ ቅርጫት ብቻ ይዋል።

መ/ የመንደር ሽማግሎች የወንዙን ዳር ከፋፍለው አንዱ ክፍል ሲሠራበት ሌላው የሚያርፍበትን ዓመት ቢወስኑ፣ ሩቅ መሄድም መጣላትም ይቀራል።

ሠ/ ጭማቂ ለማውጣት የዱም ጫፍ አይቆረጥ።

ፍሬው በሚለቀምበት ጊዜ የረገፈውን ማንሣት ወይም የበሰለውን በረጅም ዘንግ ማውረድ እንጂ ፍሬ ያንጠለጠለውን ዘለላ ለማግኘት አክሊሉን በመጥረቢያ መምታት አይገባም። የተለቀመውም ሁሉ አይበላ፤ አይሸጥም። ከያንዳንዱ ለቀማ ጥቂቱ ለዘር ይቀመጥ።

የአንድ መንደር ሥራ

ዱም የሚዘራ ሰው ትርፉን በሚቀጥለው ዓመት አይጠብቅም። ግንድ ከመሬት ለመነሣት ዓመታት ይፈጅበታል፤ በሁለት ተከፍሎ ብዙ አክሊል የሚሸከመው ደግሞ ልጆች ወላጆች በሚሆኑበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህ የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን የመንደር ሥራ ነው፤ ወጪው ግን እጅግ ትንሽ ነው። 300 ሜትር የወንዝ ዳር በየስድስት ሜትሩ ቢቆፈር የሚያስፈልገው ሃምሳ ጉድጓድ ያኽል ነው። በየጉድጓዱ ሦስት ዘር ቢገባ 150 ፍሬ ይበቃል። ይህን ያኽል ጉድጓድ አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ቢቆፍሩ ይጨርሱታል፤ ፍሬውንም ልጆች ከዛፍ ሥር ለቅመው ያመጡታል። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እርሱም በየዓመቱ አጥሩን ማደስ፣ ፍየሉን ማገድና የለጋውን ቅጠል ደንብ ማክበር ነው።

የሚዘራ ዘር ያላገኘ መንደርም ሥራ አያጣም። በዳሩ ላይ በፍየል ተግጦ የቀረ አንድ የዱም ቁጥቋጦ ካለ፣ በሚመጣው በጋ ዙሪያውን እሾህ ይጠርለት፤ ከእንግዲህም ለጋውን አይቁረጥ። እንቡጧ ከመሬት በታች ሕያው ሆና የምትጠብቀው ይህንኑ ጥቂት ዕረፍት ነው።